የሞደሙ መቀናጆ

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ባለቤቴ ወገዳ ታስተምር ነበር፤ እኔ ንፋስ መውጫ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርኩ። በካርታ ሲያዩት ቅርብ ነው። ካርታውን የሠራው ሰው ግን በስማዳ መንገድ አንድም ቀን በአውቶቡስ የሄደ አይመስለኝም። ሞባይል ገና ከእኛ ዘንድ አልደረሰም፤ የትምህርት ቤቷ ስልክ ለሥራ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ክረምት ከገባ ደግሞ ደብዳቤም እንደ ልብ አይመላለስም። በዚያ ላይ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

የምሠራበት ቢሮ በእርዳታ የመጣ፣ ቁም ሣጥን የሚያክል ኮምፒውተር ነበረው። ያ ኮምፒውተር በሆዱ ሌላ ትንሽ ሰርቨር ይዟል። ትልቁ የግብርና ክፍሉን የሰብል መረጃ፣ ትንሹ ደግሞ የእኛን የትምህርት ክፍሉን ደብዳቤና ፎርም ያስተናግዳል። ከውጭው ዓለም የሚያገናኛቸው ግን አንድ ሞደምና አንድ የስልክ መስመር ብቻ ነው። አንዱ ሞደሙን ከያዘው፣ የመልቀቂያው ትእዛዝ ከዚያው ክፍል እስኪጻፍ ድረስ ሌላው አያገኘውም።

የግብርናውን በኩል የያዙት በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ነበሩ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። የሚጽፉት በሁለት ጣት ነው። ሪፖርታቸውን ልከው ሲጨርሱ መልቀቁን ይረሱና በራቸውን ቆልፈው ምሳ ይሄዳሉ። ሲመለሱ እንጨቃጨቃለን። የሁለታችን ጭቅጭቅ ሲበዛባቸው ኃላፊያችን ጠሩንና መቀናጆ ግቡ አሉን። የገበሬ ልጅ ናቸው። ሞደሙ የተመዘገበው በግብርና ስም ነው፣ የስልክ መስመሩ በትምህርት ስም፤ ታዲያ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው በተራ የሚያርሱ ከሆነ እናንተ ምን ቸገራችሁ ነው ነገሩ። ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ የእትዬ ሆነ፤ ማክሰኞና ሐሙስ የእኔ። እትዬ አንድ ነገር ጨመሩ፦ በሬ በበዓል አይጠመድምና በማርያምና በሚካኤል ሞደሙም ይረፍ አሉ። እየሳቅሁ ፈረምኩ።

ውሉን ግን እንደ እኔ ሙጭጭ ብሎ የያዘ አልነበረም። ጥቅምት ላይ አንድ ሐሙስ ጠዋት እትዬ ወደ ክፍሌ መጡ። ውርጭ የደጋውን ገብስ መትቶት አድሮ ነበርና ለበላይ ለማሳወቅ ግማሽ ሰዓት ስጠኝ አሉኝ። ቀኔ ነው አልኳቸው። በዚያን ቀን የምልከው ነገር እንኳ አልነበረኝም። እሳቸው ወጡና መልእክቱን በወረቀት ጽፈው ወደ ደብረ ታቦር በሚሄድ መኪና ላኩት።

ሰኔ ላይ የመምህራን የዝውውር ፎርም የሚላክበት ጊዜ ደረሰ። በአካባቢው ሞደም ያለን እኛ ብቻ ስለነበርን የስማዳውም የእስቴውም ፎርም በእኛ ሰርቨር በኩል ነበር የሚሄደው። የመጨረሻው ቀን አርብ ነው። የሌላውን ሁሉ ማክሰኞ ላክሁ፤ የባለቤቴን የያዘው መኪና ግን ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ከርሞ ረቡዕ ማታ ገባ። ነገ ቀኔ ነው ብዬ በሰላም ተኛሁ። ሐሙስ ቢሮ ስደርስ ለካ ዕለቱ ሰኔ ሃያ አንድ፣ ማርያም ነው። እትዬ ሞደሙን ሳይለቁት፣ በራቸውን ቆልፈው ለንግሥ ቤተ ልሔም ወደሚባለው ደብር ሄደዋል። ፎርሙ ካመለጠ እኔና ባለቤቴ ሌላ አንድ ዓመት ተለያይተን መኖራችን ነው። ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ ስንቆራጠጥ ዋልኩ።

አርብ ከእሳቸው ቀድሜ በራቸው ላይ ቆምኩ። ቀኑ የእሳቸው መሆኑን እንደማውቅ፣ ግን የባለቤቴ ፎርም እንደቀረብኝ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ቁልፉን ከቦርሳቸው ፈልገው አወጡ።

“ካየሃት ምን ያህል ጊዜ ሆነህ?” አሉኝ።

“ከፋሲካ ወዲህ አላየኋትም።”

“እና ትናንት ሰው አትልክብኝም ኖሯል? ንግሡን ትቼ እመጣልህ ነበር እኮ።”

አፈርኩ። ሰው መላክ ጨርሶ ትዝ አላለኝም። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን እንደማልመጣ ስለማውቅ፣ እሳቸውም የሚመጡ አልመሰለኝም ነበር። የጥቅምቱን ነገር አንስቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሱን በኋላ ትለኛለህ፣ አሁን ሂድና ላክ ብለው በሁለት ጣታቸው የመልቀቂያውን ትእዛዝ ጻፉልኝ።

መስመሩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። እትዬ የራሳቸውን ሪፖርት ትተው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ሞደሙ ሲንጫረር ማርያምን ይለምናሉ፣ ሲቋረጥ እኔን ይቆጣሉ። በአራተኛው ፎርሙ ሄደ። ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት በየጠዋቱ፣ ቀኑ የማንም ቢሆን፣ ገብተህ መልስ እይ እያሉ ይልኩኝ ጀመር። ተራ የሚባለውን ነገር ማንሳት እኔም አፈርኩ።

በሳምንቱ አርብ መልሱ መጣ። ዝርዝሩን በጣቴ እየተከተልኩ ስወርድ የባለቤቴን ስም አገኘሁት፤ የተመደበችው ንፋስ መውጫ ነው። እትዬ ፊቴን አይተው ነገሩ ገባቸውና እልልታውን አቀለጡት። የግብርናው ሰው ሁሉ ምን ተፈጠረ ብሎ ከየክፍሉ ወጣ። እኔ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አለቀስኩ፤ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የስልኩን ገመድ ከሞደሙ ነቅለው ስልኩ ላይ የሰኩት እትዬ ናቸው። የወገዳው ትምህርት ቤት ዘበኛ ጠርቶ እስኪያመጣት ድረስ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ቆየሁ። እየሮጠች ነው የመጣችው፤ ትንፋሿ ይሰማኛል።

“ዕቃሽን እሰሪ” አልኳት።



“ካሰርኩት ሳምንቴ ነው” አለችኝ።