የቀረው ኪሎ ሜትር

መኪናችን ሃይብሪድ ናት፤ በቤንዚንም በባትሪም ትሄዳለች። ስንገዛት ሻጩ «ይቺ ቤንዚን አትጠጣም፣ ታሸታለች እንጂ» ብሎን ነበር። ባለቤቴ ሳቀበት። ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆኖ የኖረ ሰው የመኪና ሻጭ አያምንም። እኔ ግን አመንኩ። አርባ ምንጭ ላይ ቤንዚን ሲጠፋ የማደያው ሰልፍ የት እንደሚደርስ ያየ ሰው ማመን ይፈልጋል።

ብዙ ሳንቆይ የባለቤቴ ኩላሊቶች ደከሙ። በከተማችን ለእጥበት ቦታ ስላልተገኘለት በሳምንት ሁለት ቀን ሶዶ መመላለስ ጀመርን። እሱ መሪ መያዝ ሲያቅተው መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጠመኔ እንጂ መሪ የማያውቅ እጄን ይዤ፣ በዚህ ዕድሜዬ። እሱ ጎኔ ተቀምጦ ያዘኛል። ከሰሜን ተመድቤ ከመጣሁባት ዓመት ጀምሮ የሚጠራኝ «ቲቸር» እያለ ነው። «ቲቸር፣ ፍሬኑን አትርገጪው፣ ዳብሺው።» «ቲቸር፣ በሬው አይቶሻል፣ አንቺም እይው።»

ዳሽቦርዱ ላይ ሁለት ነገር አለ። አንዱ በመስመር በመስመር የሚጎድለው የነዳጅ መለኪያ ነው። ከሥሩ ደግሞ በቀረው ነዳጅ ስንት ኪሎ ሜትር መሄድ እንደሚቻል የሚናገር ቁጥር አለ። ሁለቱም ዋሾ ናቸው፤ አዋዋሻቸው ግን ይለያያል። መለኪያው ሲሞላ ለረጅም መንገድ ንቅንቅ አይልም፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ግን መስመሮቹ ተከታትለው ይረግፋሉ። ዳገት ላይ ነዳጁ ወደ ኋላ ሲሸሽ አንድ መስመር ይጠፋና ሜዳ ላይ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ ይበራል። ቁጥሩ ደግሞ የሚያስበው ትናንትን ይዞ ነው። ከተማ ውስጥ ቀስ ብዬ፣ ግማሹን መንገድ በባትሪ ስነዳ ከርሜ ከሆነ፣ ነገም እንደዚያው የምነዳ ይመስለዋል። ዛፉ ሳይተከል ጸድቋል እንደሚል ሪፖርት ነው። ረጅሙ መንገድ ላይ በፍጥነት ስሄድ፣ በዚያ ላይ ለበሽተኛው ብዬ ማቀዝቀዣውን ስከፍትለት፣ ባትሪው ወዲያው ይደክምና ሁሉ ነገር በቤንዚኑ ላይ ይወድቃል።

ይህን ሁሉ የተማርኩት መንገድ ላይ ነው። ባለቤቴ ግን አልተቀበለኝም። ለእሱ የነዳጅ ቁጠባ ማለት ፎሌ ነው፤ ቁልቁለት ሲመጣ ማርሹን አውጥቶ መኪናዋን መልቀቅ። የጋሞ ደጋ ልጅ ነው። በእሱ ጊዜ ሾፌሮቹ ከጨንቻ እስከ ታች በፎሌ ይወርዱና ማን የበለጠ ነዳጅ እንዳተረፈ ይፎካከሩ ነበር፤ እሱን የሚያህል አልነበረም። ሃይብሪድ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ማርሽ ውስጥ ሆና ስትወርድ ጎማዋ ባትሪውን ይሞላዋል፤ ፎሌ ካደረጓት መሙላቷን ታቆማለች። አንድ ጊዜ እንደ ተማሪ አስረዳሁት። ሶዶ እስክንደርስ ፊቱን ወደ ዓባያ ሐይቅ አዙሮ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ «ፎሌ!» ሲለኝ ዝም ብዬ ማርሹን አወጣለሁ። የሚበላውን ሐኪም፣ የሚጠጣውን እኔ፣ ቀኑን የእጥበቱ ማሽን ያዝበታል። እሱ የሚያዘው ቁልቁለቱን ብቻ ነበር። ልከለክለው አልቻልኩም።

አንድ ሰሞን ቤንዚን ከከተማው ጠፋ። ሰልፍ ውዬ ተራዬ ሲቃረብ አለቀ ተባልኩ። ጠዋት መኪናዋን ሳስነሳ ቁጥሩ መቶ ሃምሳ አለ። ሶዶ ወደ መቶ ሃያ ነው። እዚያ እንሞላለን ተባብለን ወጣን። ጫኖን ስናልፍ ሙዝ የጫነ አይሱዙ ፊታችን ገብቶ እያዘገመ አቆየን። ሙቀቱ ገና ጠዋት ነው አላለም፤ ባለቤቴ ማላብ ሲጀምር ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ። «ዝጊው፣ ይበላል» አለኝ። አልዘጋሁም። ቁልቁለት ባገኘን ቁጥር «ፎሌ» ይላል፤ አደርጋለሁ። ባትሪው ባዶ ሆነ። ምዕራብ ዓባያ ስንደርስ ቁጥሩ ስልሳ ሁለት ላይ ወርዶ፣ የመጨረሻዋ መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች።

ማደያው በገመድ ታጥሯል። በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጡትን ፈለግኩ፤ ፖሊስ ትናንት አባሯቸዋል አሉኝ። አንድ ሚኒባስ እጄን ዘርግቼ አስቆምኩ። በሩ ሲከፈት ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። ባለቤቴ ከመኪናችን ሳይወርድ «ሂዱ» ብሎ እጁን አወዛወዘ፤ ሚኒባሱ ሄደ።

«ስንት ይላል?» አለኝ ስገባ።

«ስልሳ ሁለት።»

«ሶዶስ?»

«ሰባ ቢቀረን ነው። ግን ዜሮ ቢልም ታንከሩ ውስጥ የሚተርፍ አለ ይባላል። ልሞክረው።»

«ይባላል!» አለ። «ከሁምቦ ወዲያ ያለው ዳገት ይባላልን አያውቅም። እዚያ ጸሐይ ላይ ቆማ ብትቀር ምን ታደርጊኛለሽ? ትሸከሚኛለሽ?»

ያበጡ እግሮቹን ከጫማው አውጥቶ ምንጣፉ ላይ አሳረፋቸው።

«ለመመለስ ይበቃል?»

«ይበቃል።»

«እንመለስ በቃ። ደክሞኛል፣ ቲቸር።»

ደክሞኛል ያለው የዛሬውን መንገድ ብቻ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። ማልቀስ አማረኝ፤ አላለቀስኩም፤ መኪናዋን አዞርኩ።

ከቀናት በኋላ ቤንዚን ገባ። ተሰልፌ ሞላሁና ቤት መጥቼ «ተነስ» አልኩት። አልነሳም አለ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ የደብራችንን ቄስ ጠርቼ አስመከርኩት። ለቄሱ ራሱን እየነቀነቀ እሺ አለ፤ ሲወጡ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በዚያው አረፈ። ወንድሞቹ ደጋ ወስደው ከአባቱ ጎን ቀበሩት።

ከአርባው በኋላ መኪናዋን እየነዳሁ ከረምኩ፤ ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን። አልሞላሁም። ማደያው ክፍት ሆኖ ሰልፍ ሳይኖረውም አልፌዋለሁ። ዜሮ ስትል በእርግጥ ባዶ መሆኗን ማወቅ ነበረብኝ። ያን ቀን አንደርስም ነበር ብሎ የሚነግረኝ ነገር ፈለግኩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከከተማ ሳልወጣ ዜሮ አለች። መኪናዋን ወደ ሰሜን አቀናሁና ማቀዝቀዣውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩ፤ ቤንዚኑ ቶሎ ይለቅ ብዬ። ጫኖ ደረስኩ። ትሄዳለች። ማንጎ የሚሸጡትን ሴቶች አለፍኩ። ትሄዳለች። ይህ ሜዳ ነው፣ የሁምቦ ዳገት አይደለም እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ጸሐይዋ ወደ ተራራው አዘቀዘቀች፣ ከብቶቹ ወደ ቤታቸው ይነዳሉ። «ቁሚ» አልኳት። መሪውን በጡጫዬ መታሁት። «በቃ ቁሚ፣ በእመቤቴ!» እያልኩ ጮህኩ። ዜሮው እንደበራ፣ ምንም ሳትንገራገጭ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሄዳ፣ ያን ቀን የተመለስንባት ምዕራብ ዓባያ አስገባችኝ።