ሽቅብ የሚኬድበት ወረዳ

ሲቲ በወባ በተኛችበት ወር፣ በአሊዩ አምባ ገበያ በርበሬ የምትሸጥበትን የዋርካ ጥላ ጥጥ ነጋዴው ዓወል ያዘው። መቀመጫ ድንጋይዋን ግን አልነካም፤ በገበያው ልማድ የሰው ድንጋይ ማንሳት ነውር ነው። ሲሻላት ከሰሰችው፤ ቀበሌው ሊያስማማቸው ስላልቻለ ወደ ወረዳ መራቸው።

ከሳሽና ተከሳሽ አብረው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ወዳለበት ወደ አንኮበር ዳገቱን ተያያዙት። ሲቲ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የለየችው በዚያው ዓመት ነውና ቃል ሁሉ ያስገርማት ነበር።

«አንተ ዓወል፣ ወረዳ ከመውረድ የመጣ ቃል አይመስልህም? ታዲያ ለምን ሽቅብ እንሄዳለን?»

«ትእዛዝ ስለሚወርድበት ይሆናላ፣ እትዬ ሲቲ!»

«የኛስ አቤቱታ?»

«እሱማ ይኸው፣ በጉልበታችን ይወጣል!»

ሲቲ ሳቅ አፍኗት መንገድ ዳር ተቀመጠች። ዓወል ከሕመም ያላገገሙ እግሮቿ ሲንቀጠቀጡ አይቶ ውኃ ሰጣት፤ አንገቱንም ደፋ። «ጥላው ለሁለታችንም ይበቃል። እኔ ጥጤን ወደ ፀሐዩ እስባለሁ። በሉ እንመለስ።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ!»

ሲቲ ምርኩዟን ጨብጣ ተነሣች፤ ፊቷን ግን ወደ አንኮበር መለሰች። «ስለ ጥላው ተስማምተናል። ወረዳ የተባለበትን ነገር ግን ሹሞቹን ሳልጠይቅ አልወርድም።»