ሳልሞት የመጡብኝ ለቀስተኞች

ከቡታጅራ የወጣሁ ዕለት አመሻሽ ላይ ዘመዶቼ ልብሴን ሲያሽጉ እናቴ መድኃኒቴን ለብቻዋ ይዛ ተቀመጠች። ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። ክኒኖቹን ከነካርቶናቸው በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ "ሻንጣ ውስጥ እንዳታስገቢው። ሻንጣ ይጠፋል፤ እጅ አይጠፋም" አለችኝ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ታላቅ ወንድሜ ሙዘሚል ከወልቂጤ መኪና ለምኖ መጥቷል። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገው ጨርሰዋል። እኔ በር ላይ ቆሜ ሴቶቹ የሚንሾካሾኩትን እሰማለሁ።

"ምስኪን፣ ለሕክምና መሄዷ ነው።"

"ደሟን ሙሉ በሙሉ ሊቀይሩላት ነው አሉ።"

ዝም ማለት እችል ነበር፤ ዝምታ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሥራ ነው። የተሳሳተ ነገር ሰምቶ ማለፍ ግን አይሆንልኝም። "ለሕክምና አይደለም" አልኳቸው። "መድኃኒቱ አዲስ አበባም አለ፤ ስወስድ ኖሬያለሁ። የምሄደው ለትምህርት ነው።"

"በዚህ ዕድሜሽ?" አለች ጎረቤታችን እትዬ ሙንተሀ።

"በዚያ ዕድሜዬ መቼ አስተማራችሁኝ!"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እናቴም ሳቀች። እየተሳቀ ተሸኘሁ፤ ያለቀስኩት መኪናው ቡኢ ከተማን ካለፈ በኋላ ነው፣ ያውም ሙዘሚል እንዳያየኝ ወደ መስኮቱ ዞሬ።

ይህን የምጽፈው ቡታጅራና ወልቂጤ ላላችሁ፣ እንደኔም በሰው አገር ለተበተናችሁ ነው። ስለ እኔ የሰማችሁት ግማሹ ስህተት ነውና ከራሴ አፍ ስሙት።

ትምህርት ቤት የገባሁት ውሃ መቅዳቱን ታናሼ ከተረከበችኝ በኋላ ነው። አንደኛ ክፍል አብረውኝ የተቀመጡት ሕፃናት "እትዬ" ይሉኝ ነበር። ቢሆንም ጨረስኩ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥም ተቀጠርኩ። መደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ አንብቤ ልጨርስ ስል ሰውነቴ እምቢ አለ። ይደክመኛል፤ ስተኛ አንሶላው እስኪርስ ያልበኛል፤ ግራ ጎኔ ሥር የሆነ ነገር ተቀምጦ ሁለት ጉርሻ ሳልጎርስ ያጠግበኛል። ወልቂጤ ደሜን መርምረው ነጩ የደም ሴል በዝቷል ብለው ወደ አዲስ አበባ ላኩኝ።

እዚያ ሐኪሙ እንደ አገራችን ወግ ሙዘሚልን ለብቻው ጠራው። እኔ ኮሪደር ላይ ቀረሁ። ወንድሜ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ "የደም ማነስ ነው፤ ጉበት ብዪ ብለዋል" አለኝ። በሩን ራሴ ከፍቼ ገባሁ።

"ዶክተር፣ ደሙ የማን ነው?"

"የአንቺ።"

"እንግዲያው ወሬውም የኔ ነው።"

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ትንሽ አየኝና ነገረኝ። ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ ይባላል። የደም ካንሰር ነው፤ ግን ዝግ ብሎ የሚሄድ፣ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን ለብዙ ዓመት ሊታሰር የሚችል። ክኒኑን ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ፣ ሳያቋርጡ። "ማቋረጥ ብቻ የለም" አለኝ። አላቋረጥኩም። ጎኔ ሥር የተቀመጠው ነገር ሟሟ፤ ላቡም ቀረ። እኔ በሽታዬን ይዤ መኖር ተማርኩ፤ ሰፈሩ ግን "ምስኪን" ማለቱን አልተወም። ከአገር ካስወጣኝ ነገር አንዱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያቺ "ምስኪን" ናት።

የደረስኩት ሽቱትጋርት ነው፤ ለአረጋውያን እንክብካቤ ሙያ ትምህርት። ብርዱን አልነግራችሁም፤ ሁሉም ስደተኛ ስለ ብርድ ያወራል። እኔን ያስገረመኝ ደረጃው ነው። እዚህ ኬርቮኸ የሚባል ሥርዓት አለ፤ የአንድ ሕንጻ ተከራዮች በየሳምንቱ ተራ ይዘው የጋራ ደረጃውን ይጠርጋሉ፣ ይወለውላሉ። እኛ ጋ ደጅ መጥረግ የማለዳ ሥራ ነው፤ እዚህ ከፍርድ ቤት ቀጥሎ ያለ ነገር ነው። አከራዬ ፍራው ክላይን፣ እኛ ወይዘሮ እንደምንለው፣ የተራዬ ሳምንት ሲያልቅ ጣቷን በደረጃው ድጋፍ ላይ ትስባለች፤ ከዚያ ጣቷን ታየዋለች፤ ከዚያ እኔን ታየኛለች።

"ሥጋ በምን ቅቤ ነው የምትጠብሺው? ሽታው ሦስተኛ ፎቅ ይደርሳል" አለችኝ አንድ ቀን።

"ኮሰረት ባለበት ቅቤ።"

"ማስጠንቀቂያሽ ነው ወይስ ጋብዢኝ ማለትሽ?" አልኳት ቀጥዬ።

ጋበዝኳት። ቅንጣት አላስተረፈችም። በማግስቱ ግን ስለ ሽታው በድጋሚ ተናገረችኝ።

እንዲህ እየኖርኩ ነው ባለፈው ግንቦት ገላዬን ስታጠብ ቀኝ ጡቴ ላይ ጠጠር የሚያህል ነገር እጄ ላይ የመጣው። የሴቶች ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ሳትል "ተርሚን አለዎት?" አለች። ቀጠሮ ማለት ነው፤ እዚህ አገር ያለ ተርሚን መሞትም የሚቻል አይመስለኝም።

"የለኝም። እብጠት አግኝቻለሁ።"

"ያመዎታል?"

"አያመኝም።"

"ካላመመዎት አስቸኳይ አይደለም። መስከረም ላይ ቦታ አለ።"

"የደም ካንሰሬም አላመመኝም ነበር" አልኳት።

ያኔ ቀና አለች። ወንበር ላይ ተቀምጬ መጽሐፌን ገለጥኩ፤ "እስኪደርሰኝ አነባለሁ" አልኳት። ሳይመሽ አስገቡኝ።

ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። መርፌ አስገብታ ከእብጠቱ ቁራጭ ወሰደች። ያስጨነቀኝን ጠየቅኳት፤ ይሄ ከደሜ የመጣ ነው ወይ?

"የደምዎ በሽታ ወደ ጡት የተዛወረ አይመስለኝም" አለች። "መጥፎ ሆኖ ከተገኘ ራሱን የቻለ፣ ሌላ፣ ሁለተኛ ካንሰር ነው የሚሆነው። የእርስዎ ዓይነት ሉኪሚያ ባለባቸው ሰዎች ላይ ሌላ ካንሰር ትንሽ በዝቶ ያገኙ ጥናቶች አሉ፤ ያላገኙም አሉ። ከበሽታው ይሁን፣ ከመድኃኒቱ ይሁን፣ ወይስ እናንተን ደጋግመን ስለምንመረምር ይሁን፣ በእርግጠኝነት አናውቅም። ምንም ላይሆንም ይችላል።"

"ታዲያ የምታውቁት ምንድን ነው?"

"ክኒኑን ማቋረጥ እንደሌለብዎት። የዚህን ውጤት ደግሞ በመጪው ሳምንት ሐሙስ እናውቃለን።"

"አናውቅም" ማለቷን ወደድኩላት። እኛ ጋ የማያውቅ ሰው የለም።

ለአንድ ሰው ብቻ ነገርኩ፤ ለሰሚራ። የቡታጅራ ልጅ ናት፣ እዚህ እንደ እህቴ። ሰሚራ ቡታጅራ ላለች እናቷ በስልክ ነገረች፣ "ለማንም እንዳትናገሪ" ብላ። ከዚያ በኋላ ወሬው የሄደበትን መንገድ አላህ ይወቀው፤ ብቻ ዞሮ ሽቱትጋርት ሲመለስ እኔ አልቄያለሁ።

ቅዳሜ ፈጅር ሰግጄ ቁርሴን በልቼ ክኒኔን እንደዋጥኩ ደወል ተደወለ። ከፈትኩ። ከፊት ሀጂ ነስሩ፣ የመስቃን ሰው፣ እዚህ የሁላችን አባት፤ ከኋላቸው ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ፣ ሰሚራ፣ ሌሎችም የማኅበራችን ሰዎች፣ ሴቶቹ ድስት ይዘው። ማንም ዓይኔን አያይም።

"ሰላም ነው፣ ሰላም ነው" አሉ ሀጂ።

በማለዳ በር አንኳኩቶ፣ ሳይጠየቅ፣ ሁለት ጊዜ "ሰላም ነው" የሚል አበሻ ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ሰሚራ ቀስ ብላ ስልኬን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችው። መርዶ! "እማ!" ብዬ ወለሉ ላይ ተደፋሁ።

"ኧረ እናትሽ ደህና ናት!" አለች እትዬ ዘይነባ ልታነሳኝ እየታገለች። "ወላሂ ደህና ናት!"

"ሙዘሚል ነው?"

"እሱም ደህና ነው!"

"ታዲያ ማን ነው የሞተው?"

ሁሉም እኔን ያዩኝ ጀመር።

ገባኝ። ከወለሉ ተነሥቼ ቀሚሴን አራገፍኩ።

ሀጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ የደሙ ነገር ወደ ጡትሽ ወረደ አሉ። ሁሉም የአላህ ነው። ተመካክረን ትኬት ቆርጠንልሻል፤ ማክሰኞ ነው። ለዓረፋ ትደርሻለሽ። ከእናትሽ ጎን…"

"ከእናቴ ጎን ምን?"

"… ትሆኛለሽ።"

"ሀጂ፣ አንድ እንሰት አጠውልግ የሚሉት በሽታ ይዞት ሲያገግም፣ በሌላ ዓመት ፍልፈል ሥሩን ቢቀምሰው፣ አጠውልጉ ወደ ሥር ወረደ ይባላል?"

"አይባልም።"

"ወረደ አይበሉኝ እንግዲያው። ደግሞ ፍልፈል መሆኑም አልታወቀም። ውጤቴ ሐሙስ ነው፤ ማክሰኞ አልሄድም።"

"ውጤቱ ምን ይጨምርልሻል?" አለች እትዬ ዘይነባ፣ እንባዋ እየወረደ።

"ካወቁት ያክሙታል። ገና በጊዜው ነው የያዝኩት።"

እውነቱን ግን ልንገራችሁ፤ ትኬት ሲሉኝ ልቤ ሸፍቷል። ሴቶቹ ከዋናው በዓል ቀድመው በሚያከብሩት የሴቶች ዓረፋ ቀን፣ ጎመኑ በቅቤ ሲታሽ፣ ከአዲስ አበባ የተመለሱት ሴቶች አንዱን ወሬ አራት ጊዜ ሲጫወቱት ታየኝ። ጤነኛ ሆኜ ቢጋብዙኝ ያኔውኑ ጫማዬን ባጠለቅኩ። ለመሞት ግን አልሄድም።

በሩ እንደገና ተንኳኳ። ፍራው ክላይን ናት፣ በሌሊት ልብሷ።

"ደረጃው ላይ ይሄ ሁሉ ጫማ ምንድን ነው? የኬርቮኸ ተራው ያንቺ ነው እኮ! ሰው ሞቷል እንዴ?"

"ገና ነው" አልኳት። "እኔን ነው የሚጠብቁት።"

እጇን ይዤ አስገባኋት፤ ድስቶቹንም ከፈትኩ። ቆጮ፣ አይብ፣ ጎመን፣ ሥጋ ወጥ ነበረ። የለቅሶዬን ምግብ አቀረብኩና መጀመሪያ የጎረስኩት እኔው ነኝ። "ብሉ እንጂ! ለእኔ ያልበላችሁ ለማን ልትበሉ ነው?" ሀጂ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እያለቀሱ መስሎኝ ሳይ እየሳቁ ነው።

ያልሳቀችው ሰሚራ ናት። ስልኬን እንደያዘች ጥግ ላይ ቆማለች። "እህቴ፣ ይቅር በይኝ" አለች። "እናቴ እና እትዬ ሙንተሀ ዛሬ ጠዋት ለእናትሽ ሊነግሯት ነው። ሽማግሌም ይዘዋል።"

"ምን ብለው?"

ስልኬን ይበልጥ ደረቷ ላይ አጣበቀችው።

"ስልኬን!"

"ተይ ልጄ" አለች እትዬ ዘይነባ። "እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ነው የሚነገር። እናት በስልክ ትደንግጥ?"

"የኔ ወሬ ነው፤ እኔው እነግራታለሁ።"

ስልኬን ከሰሚራ እጅ ወስጄ ደወልኩ፤ እናቴ ወዲያው አነሳችው። ዶሮዎቹ ይሰሙኛል፤ እህል እየበተነችላቸው መሆን አለበት።

"እማ፣ ቁጭ በይ።"

"ቆሜም እሰማለሁ። ምን ሆንሽ?"

አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እብጠቱን፣ መርፌውን፣ ሐሙስን፣ ሐኪሟ "አናውቅም" ያለችውን።

"ያምሻል?"

"አያመኝም።"

"ክኒንሽን ዋጥሽ?"

"ከቁርስ ጋር።"

"እዚያ ማን አለ? ድምፅ እሰማለሁ።"

"ሀጂ ነስሩ ናቸው፣ ከነሰዉ። ሊያለቅሱልኝ መጥተው ትኬት ቆርጠውልኛል።"

"ስጪኝ እስቲ።" ስልኩን ለሀጂ ሰጠኋቸው፤ ድምፅዋ ግን ክፍሉን ሞላው። "ሀጂ! ልጄን በእግሯ የሸኘኋትን አስከሬን አድርገህ ልትመልስልኝ ነው?"

"ኧረ ወላሂ፣ ለደግ ብለን…"

"ለደግ ከሆነ ሐሙስ አብረሃት ሐኪም ቤት ሂድ። ትኬቱን ለኔ አድርገው።"

"ቪዛ አለው እኮ፣ እንዲሁ አይመጣም…"

"እሷ ስትሄድ ጠይቃ አይደለም የሄደችው? እኔም እጠይቃለሁ።"

ሀጂ ላባቸውን እየጠረጉ ስልኩን መለሱልኝ። ቪዛውን እንደማይሰጧት እሷም፣ እኔም፣ ሀጂም እናውቃለን።

"ሐሙስ ስትወጪ መጀመሪያ ለኔ ነው" አለች። "ደግ ቢሆን፣ ክፉም ቢሆን። ከሌላ አፍ የመጣውን አልሰማም።" ከወዲያ የግቢያችን ቆርቆሮ በር ሲንቋቋ ሰማሁ፣ ቀጥሎም የወንድ ድምፅ፤ "አሰላሙ አለይኩም። ሰላም ነው፣ ሰላም ነው።"

"መጡልሽ" አለች እናቴ በሹክሹክታ። "ሙንተሀም አለች። ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ ወገቧ ላይ አስራለች። አትዝጊው፤ ወደ እነሱ ይዤዋለሁ። ተናገሪያቸው!"

ምን ይባላል? ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ማኘካቸውን ትተው እኔን ያዩኛል። በስልኩ ውስጥ የግቢያችን ጠዋት ይሰማኛል፤ ዶሮው፣ መንገዱ ላይ የሚያልፈው ባጃጅ፣ የሽማግሌዎቹ ከዘራ። ከእናቴ ጎን ለመቆም በዚያች ቅጽበት የማልሰጠው ነገር አልነበረም።

"ወአለይኩም ሰላም" አልኳቸው፣ በሩን እንደምከፍትላቸው ሁሉ። "ደህና አደራችሁ? ምነው በማለዳ? ግቡ፣ ቁርስ ብሉ።"