ከአምስተኛው ዘፈን በኋላ ያለው ዝምታ

ወንድሜን ሰፈሩ «ነጎድጓድ» ይለዋል። ስሙን ያተረፈለት የብረት መቁረጫው ጩኸትና የሚሰማው ሙዚቃ ነው እንጂ እሱስ ሲናገር ከንፈሩን ካላዩት አይሰማም። የብረት በርና የመስኮት ፍርግርግ ሠሪ ነው። በመንገዳችን ግራና ቀኝ ካሉት በሮች አብዛኞቹ የእጁ ሥራ ናቸው። ከሥራ ሲመለስ ቀጥ ብሎ አይመጣም፤ የሰውን በር ገፋ መለስ እያደረገ፣ ማጠፊያው ሲያቃስት ካገኘው ከኪሱ ዘይት አውጥቶ ጠብ እያደረገ ነው የሚመጣው። ባለቤቶቹ ለምደውታል። ሌባ መጣ ብሎ የሚጮኸው አዲስ ተከራይ ብቻ ነው።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በአንድ ሆስፒታል የስልክ ማዞሪያ ክፍል ውስጥ፣ ፊቱን የማላየውን ሰው ድምፅ ስሰማ ነው። ጡረታ ስወጣ እትዬ እያልኩ የምጠራት ሚስቱ አርፋ ስለነበር ዕቃዬን ጠቅልዬ እሱ ጋ ገባሁ። ለሁለት ብቸኛ ሰው አንድ ምድጃ ይበቃል ብዬ ነው። ያላሰብኩት ነገር ሙዚቃውም የጋራ እንደሚሆን ነው። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቆርጥ የዋለ ሰው ማታ ገብቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ብረት ሲቆረጥ የሚመስል ሙዚቃ ይከፍታል! ሄቪ ሜታል፣ ከባድ ብረት ማለት ነው ይለኛል። ስሙን እንኳ ከሥራው አልለየውም።

ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው አንድ ካሴት ነበረው። አዲስ ሙሽሮች ሳሉ አንድ ጓደኛው የዚያን አልበም ሸክላ ከነማጫወቻው ለአንድ ከሰዓት በኋላ አዋሰው። ማገናኛ ገመድ የሚባል ነገር አልነበራቸውምና ቴፑን ድምፅ ማጉያው ፊት ደቅኖ፣ ቤቱን ሁሉ ዝም አሰኝቶ ቀዳ። አምስተኛው ዘፈን አልቆ ስድስተኛው እስኪጀምር ጥቂት ዝምታ አለች። እዚያች ላይ እትዬ ከጓዳ ብቅ ብላ «በሩን ዝጋው፣ ብርድ ገባ» አለች። ተቀዳ። ያኔ ሳምንት ሙሉ አኩርፏት ነበር። ሸክላው ወደ ባለቤቱ ተመልሷል፣ ደግሞ መቅዳት የለም፤ ያ ሁሉ ጩኸት በሰላም ተቀድቶ አንድ ቃሏ አበላሸው ብሎ።

ስትሞት ግን ያቺ ቃል ብቻ ቀረችለት። ድምፅዋ ሌላ የትም አልተቀዳም። ማታ ማታ ካሴቱን ይከፍታል፣ አምስቱን ዘፈን ወረፋ እንደያዘ ሰው በትዕግሥት ይጠብቃል፣ ዝምታዋ ስትደርስ አንገቱን ሰበር ያደርጋል። «በሩን ዝጋው፣ ብርድ ገባ» ስትለው ተነስቶ ይዘጋል። በሩ ዝግ ቢሆን እንኳ ሄዶ ነካ አድርጎት ይመለሳል። መጀመሪያ ሳየው ሳቅኩበት፤ በኋላ ግን አንጀቴን በላው።

አንድ ማታ እኔ ጓዳ ዕቃ ሳጥብ ሙዚቃው ደጋግሞ አንድ ቦታ ላይ ሲቆምና ሲመለስ ሰማሁ። ብቅ ብዬ ባየው ቴፑ ላይ ተደፍቷል።

«አልተናገረችም» አለኝ።

«ካሴቱ አርጅቶ ይሆናላ።»

«ሰልችቷት ይሆናል» አለና ካሴቱን አውጥቶ እትዬ ልብሷን በምታኖርበት ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። ከዚያ ወዲያ ስሙንም አላነሳ።

በዚያው ሰሞን ደንበኞቹ ያማርሩት ጀመር። መስኮት ሲሉት በር ይሠራል። እየጎተትኩ ወደ ጆሮ ሐኪም ወሰድኩት። ሐኪሙ ቀጫጭኑ ድምፅ ሁሉ ጆሮው ውስጥ እንደጠፋ፣ ወፍራሙ ብቻ እንደቀረለት ነገረን። «አንዳንዴም» አለ፣ «ጆሮ የጎደለውን ልብ ከሚያውቀው ይሞላል። የሌለ ነገር ቢሰሙ አይደንግጡ።» ወንድሜ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ስንወጣ እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ሰዉ ነው አፉን ከፍቶ መናገር የተወው ሲል አጉረመረመ።

ወራት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆነሃል?»

«አዲሱ ወጥቷል። ያ አልበም። እንደገና አጥርተው በሸክላ አሳትመውታል፤ ሪማስተር ይሉታል። የሙዚቃ ሱቁ ባለቤት በድሮው ላይ ተሸፍኖ የነበረ ሁሉ በዚህኛው ይሰማል አለኝ።»

«ታዲያ አትገዛውም?»

«ላስብበት።»

በሚቀጥለው ቅዳሜም ሄደ። ሱቁ ውስጥ ማዳመጫ አድርጎ ይሰማና ባዶ እጁን ይመጣል። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ እንዲሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እዚያው ነው። አንድ ሸክላ ለመግዛት ሰው ይህን ያህል ምን ያስባል? ዋጋው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለሙዚቃ ሲሆን እጁ ክፍት ነው፣ የሸክላ ማጫወቻም ኋላ ገዝቷል። በመጨረሻ ባለሱቁ መንገድ ላይ አስቆመኝ። መላጣ ሆኖ ከኋላው ብቻ ረጅም ፀጉር ያለው ሰው ነው።

«የነጎድጓድ እህት ነዎት አይደል? ይግዛኝ ማለቴ አይደለም። ግን አምስተኛው ዘፈን ሲያልቅ ለአንድ ሰው ይመስል እሺ እሺ እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ሌሎቹ ደንበኞቼ እየፈሩ ነው።»

ማታ ራት ላይ ያዝኩት።

«ጋሼ፣ እዚያ ሱቅ ምንድን ነው የምትሰማው?»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «እሷን።»

«እትዬ የተቀዳችው እዚህ ሳሎን ውስጥ ነው! እነዚያ ፀጉራሞች ስቱዲዮ ምን ልትሠራ ገባች?»

አልሳቀም። «ሞኝ መሰልኩሽ እንዴ? አውቃለሁ። ሁሉ ይሰማል ሲለኝ ግን እስቲ ብዬ ሰማሁ። ተናገረች።»

«ታዲያ ግዛውና ይውጣልህ።»

«ገዝቼው እዚህ ዝም ብትለኝስ? ሁለተኛ ልቅበራት?»

«እዚህም ብትናገርስ?»

የጠረጴዛውን ጨርቅ በአውራ ጣቱ ያሸው ጀመር። «ብትናገርማ የምትለኝን ማድረግ ሊኖርብኝ ነው።»

«ምን ትልሃለች?»

«በሩን ክፈተው።»

ሳላስበው ዓይኔ ወደ በሩ ሄደ፤ የሱም ሄደ። እሱ ራሱ የበየደው ወፍራም የብረት በር እንደተዘጋ ነው።

«ዝጋው ነበር እኮ የምትለው» አልኩት።

«ነበር» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ያንቺ ጆሮ ደህና ነው። ሄደሽ ስሚልኝ። ግዛ ካልሽኝ እገዛዋለሁ፤ ተው ካልሽኝ እተወዋለሁ» አለኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። ሱቁ ከመንገዱ ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው ላይ የራስ ቅል ሥዕል የተደረደረበት ጠባብ ክፍል ነው። ባለሱቁ ማዳመጫውን አጠለቀልኝና መርፌውን አምስተኛው ዘፈን መጨረሻ ላይ አሳረፈልኝ። ጩኸቱ ሲያልቅ ዓይኔን ጨፈንኩ። የቤታችን ካሴት ዝምታው እንኳ ሹክሹክ ይላል። ይሄኛው ግን ታጥቦ የተወለወለ ዝምታ ነው፤ ዕቃው ወጥቶ ያለቀበት ቤት ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ። ማንም አልተናገረም። ተመስገን ልል ስል አንድ ሰው እጆሮዬ ሥር ትንፋሹን ሳበ።

ማዳመጫውን ወርውሬ ተነሳሁ።

«ዘፋኙ ነዋ!» አለ ባለሱቁ እየሳቀ። «ስድስተኛውን ሊጀምር ሲል ነው። በድሮው ሸክላ በጭርጭርታው ተሸፍኖ ነበር፣ ሲጣራ ወጣ። እንዲያውም ሰው የሚገዛው ለእንዲህ ያለው ነው።»

ያለው ልክ ሳይሆን አይቀርም። ግን እኔ ስልክ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰው ከባድ ነገር ሊናገር ሲል የሚስበውን ትንፋሽ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሊዘፍን ያለ ሰው እንደዚያ አይተነፍስም። «የሴት ይመስላል» አልኩት። «ያኔ ድምፃቸው ቀጭን ነበር» አለኝና መርፌውን አነሳ።

ቤት ስገባ እሱ ገና ከወርክሾፑ አልተመለሰም። ቀልቤ ተገፎ ቁጭ ማለት አልሆንልኝ አለ። የሣጥኑን ቁልፍ የት እንደሚያኖር አውቃለሁ፤ ከእትዬ ሻርፕ ሥር ካሴቱን አወጣሁና ቴፑ ውስጥ ከተትኩት። የእትዬን ድምፅ ሱቅ ከሰማሁት ትንፋሽ ጋር ለማመሳከር ነው፤ ሞታለች የተባለች ካሴት ላይ ምን እንዳገኝ እንደጠበቅኩ እኔም አላውቅም። አምስተኛው ዘፈን አለቀ። ሹክሹክታው መጣ።

«በሩን ዝጋው፣ ብርድ ገባ።»

ጥርት ብሎ። ትንሽ ቆጣ ብላ፣ እጇን እየጠረገች ያለች ይመስላል። ካሴቱ ምንም አልሆነም። ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ።

ሲገባ እንደዚያው ሆኜ አገኘኝ። የተከፈተውን ሣጥን አየና «ማን ንኪው አለሽ?» አለኝ። ካሴቱን መለስ አድርጌ ከፈትኩና ፊቱን አየሁት። እትዬ ተናገረች። ፊቱ ላይ ምንም የለም። የሃያ ምናምን ዓመት ሚስቱ በአጠገቡ አልፋ ሄደች፤ አላያትም።

«አየሽ? የለችም» አለ።

እንዳመነ ልተወው እችል ነበር። ግን ይህን ዝምታ ይዞ ነው እዚያ ሱቅ የሚሄደው። አንድ ቀን ገዝቶት ይመጣል፣ አንድ ቀን ክፈተው ትለዋለች፣ እሱም ሚስቱ ጠራችኝ ብሎ ይከፍታል። ያ በር ተከፍቶ ወንድሜ ወዴት እንደሚሄድ ማሰብ አልፈለግኩም። ጆሮውን መንጠቅ ይሻላል አልኩ።

«ጋሼ፣ አሁን ተናገረች።»

«አትቀልጂብኝ።»

«ካሴቱ ደህና ነው። የሄደው ጆሮህ ነው። ሐኪሙ ነግሮህ ነበር።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ቴፑን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ፊቱ ቀስ በቀስ ፈካ፤ እንደዚያ ሲፈካ እሷ ከሞተች ወዲህ አላየሁትም።

«አልሄደችም?»

«የት ትሄዳለች?»

«እዚሁ ነበረች? ያን ሁሉ ጊዜ ስትነግረኝ ነበር?»

«ስትጮህብህ ነበር እንጂ!»

ሳቀ፣ እንባው እየወረደ ሳቀ። መደንቆሩን ሰምቶ እንዲህ የተደሰተ ሰው በሕይወቴ አላየሁም። «ምን አለች? እስቲ አንቺ በይው» አለኝ።

«በሩን ዝጋው፣ ብርድ ገባ።»

«እሺ እሺ» ብሎ ተነሳ። ሲገባ ገርበብ አድርጎት የመጣውን በር ዘጋና መቀርቀሪያውን ወረወረ። እየሳቀ ሲመለስ ክፍሉ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«እሷ እዚህ ከሆነች» አለ ቀስ ብሎ፣ «እዚያ ክፈተው የምትለኝ ማን ናት?»

ልብህ ናት ልለው ነበር፤ ሐኪሙም ያለው እሱን ነው። ግን ያ ትንፋሽ ትዝ አለኝና አፌ ላይ ቀረ።

«አንገዛውም» አልኩት።

«አንገዛውም» አለ።

ከዚያ ወዲህ ያንን ሱቅ ሲያልፍ ማዶ ተሻግሮ ነው። ማታ ማታ ካሴቱን እንከፍታለን። እኔ ከኋላው እቀመጣለሁ፤ እትዬ ስትናገር ትከሻውን እነካዋለሁ፣ ተነስቶ በሩን ነካ አድርጎ ይመለሳል። ያንን የቆርቆሮ ጩኸት አሁን ዘፈን በዘፈን አውቀዋለሁ፤ ይባስ ብሎ ሦስተኛውን ወድጄዋለሁ።

ትናንት ግን ትከሻውን ሳልነካው ተነሳ። ገና አራተኛው ዘፈን ላይ ነን፣ ቤቱ እየተንቀጠቀጠ ነው። ሄዶ እጁን መቀርቀሪያው ላይ አሳረፈና ዞሮ አየኝ።

«ዝጋው ነው ያለችው አይደል?»

«ዝጋው ነው ጋሼ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በእነዚህ ጆሮዎቼ ነው የሰማሁት» አልኩት፣ እጁን ከመቀርቀሪያው ላይ እስኪያነሳም ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ።