አባቴ ደኻ ነኝ ያለበት ቀን

በስድሳ ስድስቱ ክፉ ቀን የምፈራው ረሃቡን ብቻ አልነበረም። ሞኝ ናት በሉኝ፣ ከረሃቡ እኩል ትምህርቴ እንዳይቀር እፈራ ነበር። አሥራ አንደኛን ወልድያ ጨርሼ ወደ ቤተሰቦቼ ተመልሻለሁ፤ ለሚቀጥለው ዓመት የቤት ኪራይም ስንቅም የለም። በዚያ መሃል አንድ ወሬ ቆቦ ደረሰ። ድርቅ ከመታው አገር ተማሪ መርጠው፣ አዲስ አበባ ወስደው፣ ዓመቱን ሙሉ እያበሉና እያሳደሩ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚያዘጋጁ ሰዎች ይመጣሉ ተባለ። መጡም። ፈተናቸውን እዚያው ቆቦ ትምህርት ቤት ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። የቀረኝ አባቴ ቀርቦ የማስተማር አቅም እንደሌለው መናገር ብቻ ነበር። ይህማ ምን ችግር አለው ብዬ ልቤ አረፈ።

ችግሩ አባቴ ራሱ ነበር። ከዋጃ ወዲህ ካለው መንደራችን በእግሩ ሲመጣ ምን ለብሶ መጣ መሰላችሁ? የጎረቤት አዲስ ጋቢ ተውሶ! ፊቱን ታጥቦ፣ ሽርጡን አጥብቆ፣ ሠርግ የተጠራ መስሎ። ይህ ሁሉ ሁለቱ በሬዎቻችን አልቀው፣ ላሚቱ ጎብዬ ገበያ ሳትደርስ መንገድ ላይ ወድቃ ቀርታ፣ እናቴ ቅጠል ቀቅላ በምታበላን ሰዓት ነው። ልቆጣው አሰብኩና ዋጥ አደረግኩት።

ጠያቂው ከአዲስ አበባ የመጣ ጎልማሳ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። እኔ ከትምህርት ቤቱ መስኮት ውጭ ቆሜ እሰማለሁ። አባቴን አስቀመጠውና እንዴት ነዎት ብሎ ጀመረ፤ ቤተሰቡስ፣ ከብቱስ፣ እህሉስ እያለ በየተራ ጠየቀው። እንግዲህ በእኛ አገር ይህ ሰላምታ ነው። ለሰላምታ ደግሞ መልሱ አንድ ነው፤ ቤትህ እየተቃጠለም ቢሆን ደህና ነው ትላለህ፣ ጌታህን ታመሰግናለህ። አባቴም ለሁሉም «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» እያለ መለሰ። ሰውየው ጻፈ። የሞቱት በሬዎቻችን ወረቀት ላይ ተነሡ።

እኔ ያቺ ምላሰኛ ዝም አልኩ። አባትን በሰው ፊት ማሳጣት ነውር ነዋ። ከወጣ በኋላ ግን አፌ ተከፈተ። የትኞቹ ከብቶች ናቸው ደህና የሆኑት አልኩት። ሰው ሰላም ሲለኝ ታዲያ ምን ልበለው አለና መንገዱን ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ቆቦ ያስተማረኝ የድሮ መምህሬ ከውስጥ ወጥቶ ነገረኝ፤ አባቷ ከብትና እህል አለው ተብሎ ስሜ ሊሰረዝ ነው፣ ሰዎቹም ከቀትር በኋላ ይሄዳሉ። አመዴ ቡን አለ።

በዋጃ መንገድ ሮጥኩ። አባቴ ሩቅ አልሄደም፤ ጉልበት ከየት አምጥቶ? አንድ ግራር ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። የሆነውን ነገርኩት። ለማያውቀው ሰው አፉን ሞልቶ የለኝም ብሎ እንደማያውቅ ነገረኝ፤ አንዴ ይህን ካለ ምን ቀረኝ ብሎ በሰው ፊት እንደሚቆም ጠየቀኝ። ንዴቴ ወዴት እንደገባ እንጃ። ተመለስ ልለው አፈርኩ። እሱ ግን ዱላውን ተመርኩዞ ተነሣ።

«አብሽሪ፣ ነይ እንሂድ» አለኝ።

ሰዎቹ ወረቀታቸውን ሲሰበስቡ ደረስን። አባቴ ጋቢውን አወለቀና ለእኔ ሰጠኝ። ከሥር የለበሳት እጀ ጠባብ ተበጣጥሳ አጥንቱ ይታይ ነበር። ቅድም ሰላምታ መስሎት እንደመለሰ፣ በሬዎቹም ላሚቱም እንዳለቁ፣ ጎተራው ባዶ እንደሆነ አንድ በአንድ ተናገረ። ጠያቂው አንገቱን ደፋ። ከዚያ የጻፈውን ሰርዞ ሌላ ወረቀት ጻፈና፣ ከመፈረማቸው በፊት አንብቢላቸው ብሎ ሰጠኝ። አባቴ ማንበብ አይችልም።

ከብት የለኝም፣ እህል የለኝም እስከሚለው ድረስ ደህና ሄድኩ። ቀጥሎ ያለውን ግን ዘለልኩት። ጠያቂው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ መስመር እንደቀረ ነገረኝ።

«አንብቢው ልጄ፤ እውነት ከሆነ ምን ታደርጊዋለሽ» አለኝ አባቴ።

«ልጄን ማስተማር ቀርቶ ማብላት የማልችል ደኻ ነኝ» ብዬ አነበብኩለት።

አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ ጫነ። ሳያነሣው ቆየ። ጠያቂው ወረቀቱን ተቀብሎ ገብተሻል አለኝ። እፎይ! ደረቴ ላይ የተጫነው ነገር ሁሉ ተነሣልኝ፤ ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አልዋሽም፣ አባቴ አጠገቤ ቆሞ ሲያለቅስ ከደስታዬ ብዛት አላየሁትም፤ በኋላ መምህሬ ነው የነገረኝ።