ከተቀያሪዎች ጀርባ የቆሙት ሴትዮ

እንደ እኚህ ሴትዮ ያለ ደጋፊ ገጥሞኝ አያውቅም። ቴፒ ላይ የሰፈራችንን የእግር ኳስ ቡድን አሰለጥናለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከማሻ ልጆች ጋር አንድ ለአንድ ሆነን ሳለ፣ ዣንጥላ የያዙ ሴትዮ ከተቀያሪዎች ጀርባ ቆመው ጆሮዬን አደነቆሩኝ።

«አሥር ቁጥሩን አስወጣው! ከንጋት ጀምሮ ቡና ሲለቅም ነው የዋለው፤ እግሩ ዝሏል። ይሄ ልጅስ ሁልጊዜ ወንበር ሊያሞቅ ነው እንዴ የሚመጣው?»

«እትዬ፣ ከአሥር ቁጥሩ የተሻለ አጥቂ የለኝም!»

አልሰሙኝም። የተቀያሪው እናት መሆን አለባቸው ብዬ ተናደድኩ። አሥር ቁጥሩ ባዶ ጎል ሲስት ግን ቀየርኩት። ተቀያሪው ገብቶ ብዙም ሳይቆይ አገባ!

እየዘለልኩ ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ። «እንኳን ደስ ያለዎት! ልጅዎ አገባ እኮ!»

እሳቸው እልል እያሉ ለአሥር ቁጥሩ ሹራባቸውን ያለብሱታል።

«የኔ ልጅማ ይሄ ነው» አሉኝ።