ኤርጎ የሚቀመጥበት

በደርግ ዘመን ጂንካ ውስጥ ክራር የሚመታ ሰው አልጠፋም፤ መቀመጫ የሚያወድስ ግን ኤርጎ ብቻ ነበር።

ቀን ቀን ወፍጮ ቤት ይሠራል። እህል ይገለብጣል፣ ዱቄት ያፍሳል፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው። ሰርግ ሲመጣ ግን ፊቱን ታጥቦ ክራሩን አንግቶ ገዘር ይወጣል፣ ካኮ ይወርዳል፣ መኪና ካገኘም ወይጦ ድረስ ይዘልቃል። የአሪ ልጅ ነው፤ አማርኛውን የተማረው ከወፍጮው ጩኸት በላይ ከሚጮሁ ሴቶች ስለሆነ፣ ደህና ዋልክ ሲልህ እንኳ የተጣላህ ይመስልሃል። ሲዘፍን ግን ያ ሰው አይደለም።

የሰርግ ቤት ነገር መቼም የታወቀ ነው። ወንበሩ ለሽማግሌ፣ አግዳሚው ለዘመድ፣ ሳሩ ለተረፈው። ለክራር መቺ ማን አስቦለት ያውቃል? "ዝፈን እንጂ!" የሚለው ብዙ ነው፤ "ምን ላይ ተቀምጦ?" የሚል ግን አልተፈጠረም። ኤርጎ ደግሞ ክራሩን ጭኑ ላይ ካላሳረፈ ጣቱ አይታዘዘውም። ስለዚህ ሰርግ ቤት እንደደረሰ በመጀመሪያ ጓሮውን ይዞራል፤ ያገኘውን ሁሉ በእጁ እያንኳኳ ይሞክራል። ገዘር ላይ የተገለበጠ ሙቀጫ ያገኛል፣ ካኮ ላይ የበቆሎ ጆንያ፣ ወይጦ ላይ ሾፌሮች ከኤንትሬ የጭነት መኪናቸው ያወረዱለት ትርፍ ጎማ። አንድ ጊዜ ካኮ ላይ ባዶ ነው ያሉትን የንብ ቀፎ አጋድሞ ተቀመጠበት፤ ባዶ አለመሆኑን ያወቀው ሁለተኛው ዘፈን ላይ ነው። የዚያን ቀን የተጨፈረውን ጭፈራ ካኮ እስከ ዛሬ አልደገመችውም።

የመጀመሪያው ዘፈን ታዲያ ሁልጊዜ ለተቀመጠበት ነገር ነው። ሙሽራውም ሙሽሪትም ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ። ጎረቤቱ ጥሩነሽ ሙቀጫዋን ያዋሰችው ዕለት እንዲህ አላት፦

የጥሩነሽ ሙቀጫ ስንቱን ችለህ ኖረህ፣
ዛሬ እኔን ተሸከም ከዘነዘና አርፈህ።

ጥሩነሽ በእልልታ ዳሱን አናጋችው። ከዚያ ወዲያ "ኤርጎ ያወደሰው ሙቀጫ ነው" እያለች ለማንም አላውስም አለች። ወሬው ሲዛመት ሴቶቹ ከሳፋና ከጀሪካን ጋር ሰርግ መምጣት ጀመሩ። "የእኔን ጀሪካን ንቀህ ነው የእሷ ላይ የተቀመጥከው?" ብላ ያኮረፈችውም ነበረች። ኤርጎ በዚህ ሁሉ ይስቃል፤ ደስታ ሲበዛ ሰው ማሰብ ይተዋልና፣ ማንን እያስቀየመ እንደሆነ አላሰበም።

ኤርጎ የሚወዳት ልጅ አለምነሽ ትባላለች፤ የአናጢው የቦሼ ልጅ ናት። እህል ይዛ ወፍጮ ቤት ስትመጣ የእሷ ጤፍ ሳይደቅ አይወጣም፤ "ገና ነው፣ አልላመም" እያለ ደጋግሞ ይፈጭላታል። እሷም ዱቄቱ ልሞ ልሞ ሊተን እንደደረሰ እያየች አላየሁም ትላለች። በመጨረሻ ኤርጎ የሰፈሩን አዛውንት አቶ ፈለቀን መሪ አድርጎ ሽማግሌ ላከ።

ቦሼ ሽማግሌዎቹን ቆሞ፣ መጋዙን ከእጁ ሳያስቀምጥ ተቀበላቸው። "በሰው ሙቀጫ ላይ ለሚንጠለጠል ሰው ልጄን አልሰጥም። አንድ ወንበር እንኳ የለው!" አለ፤ ወደ ሥራውም ተመለሰ።

አቶ ፈለቀ ሲመለሱ ምክንያቱን በራሳቸው መንገድ ተረጎሙት። ቦሼ ጴንጤ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከተዘጋ ወዲህ መዝሙሩን በመጋዙ ድምፅ እየሸፈነ የሚዘምር ሰው ነው። "ዘፋኝ አማች አይፈልግም፤ እርምህን አውጣ ልጄ" አሉት። ኤርጎ እህል ሲገለብጥ የአንዷን ማሽላ ከሌላዋ በቆሎ ጋር ቀላቀለና ሁለቱም ሰደቡት።

እውነቱን የነገረችው አለምነሽ ናት።

"አባዬ በዘፈንህ አይደለም የተቀየመው" አለችው የወፍጮው ጩኸት ጋብ ሲል። "ጂንካ ውስጥ ያላወደስከው ነገር የለም። ጎማ አወደስክ፣ ጀሪካን አወደስክ። የአባዬን ወንበር ግን አንድ ቀን አንስተህ ታውቃለህ? የናቅከው መስሎታል።"

ኤርጎ ራሱን ያዘ። "ኧረ እኔ! ወንበሩ መች ይደርሰኛል? ሁሉም የክንድ መደገፊያ አለው፤ ክርኔን የት ላድርገው?"

"እሱን ለእሱ ንገረው" አለችና ዱቄቷን ተሸክማ ሄደች።

መንገር ደግሞ ከባድ ነው። ቦሼ "መደገፊያ የሌለው ወንበር ጆሮ የሌለው ድስት ነው" የሚል ሰው ነው። ኤርጎ ዛሬ ነገ ሲል የቦሼ የበኩር ልጅ የሙሴ ሰርግ ደረሰ። ሙሴ "ኤርጎ ካልመጣ ሙሽራ አልሆንም" ብሎ እግሩን ተከለ፤ አባትየውም አልከለከለም። ኤርጎ ይህን ሲሰማ፣ ዛሬ ወይ አገኘኋት ወይ ለዘለዓለም አጣኋት ብሎ ክራሩን አነሳ።

ግቢው በሰው ሞልቷል። ኤርጎ እንደ ልማዱ ወደ ጓሮ ሲያቀና ቦሼ ከኋላው ጠራው።

"ወዴት ነው?"

"መቀመጫ ልፈልግ ነው፣ ጋሼ።"

"መቀመጫህ እዚህ ነው" አለና ቦሼ ዳሱ መሐል ከቆመ ነገር ላይ ጆንያ ገፈፈ። አዲስ የዋንዛ ወንበር። መደገፊያዎቹ ከዚህ በፊት ከሠራቸው ሁሉ ይበልጥ ከፍ ብለዋል፣ ሰፍተዋል፤ ጫፋቸው እንደ በግ ቀንድ ተጠቅልሏል። ሰውየው ለክብር ብሎ ነው፤ መደገፊያው ከፍ ባለ ቁጥር አክብሮቱም ከፍ ያለ መስሎታል።

የኤርጎ ልብ በደስታ ዘለለ፤ ሲቀመጥ ግን እዚያው ወረደ። ክራሩ በሁለቱ መደገፊያዎች መሐል ተቀረቀረ። ክርኑ ወደ ላይ ተሰቀለ። አንዱን ክር ሲነካ ሌላው ጮኸ። ደግሞ ሞከረ፤ ባሰበት። እንግዳው እርስ በርሱ ተያየ፤ ጥሩነሽም ሙቀጫዋን ልታመጣ ብድግ ብላ መልሳ ተቀመጠች። ቦሼ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የዳሱ ምሰሶ አጠገብ ቆሞ ውዳሴውን ይጠብቃል። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ምስጋና የሚጠብቅ ልጅ ፊት ነው።

ኤርጎ ያን ፊት ሲያይ አንድ ነገር ታየው። ይህን ሰው ተቀምጦ አይቶት አያውቅም። ቆሞ ይጋዛል፣ ቆሞ ይመታል፤ ወንበሩ ባለቀበት ቀን ወደ ገዢው ቤት ይወሰዳል። በሰርግም ቢሆን ወንበር ያድላል፣ የሚወዛወዝ እግር ሥር ሽብልቅ ይከታል፣ ምሳውን ቆሞ ይበላል።

ኤርጎ ተነሣ። አቶ ፈለቀ "ጠፋን!" ብለው ዓይናቸውን ሸፈኑ። ኤርጎ ግን ቦሼን ክንዱን ይዞ ወንበሩ ላይ አስቀመጠውና፣ ለዳሱ ሥራ የመጣውን የሚስማርና የመዶሻ ሳጥን ስቦ እግሩ ሥር ተቀመጠበት። ክርኑ ነፃ ወጣ።

አገሩን በሙሉ በእጁ ያስቀመጠ፣
ምነው ጋሽ ቦሼ እስከ ዛሬ አልተቀመጠ?

ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ቦሼ መጀመሪያ እንደ ተከሳሽ ቀጥ ብሎ ነበር። ቀስ ብሎ ቀኝ ክንዱን መደገፊያው ላይ ጣለ፣ ከዚያም ግራውን። ወደ ኋላም ተንፈላሰሰ። እንጨቱን በመዳፉ ዳሰሰና "ለካ እንዲህ ነው!" አለ፤ ሳቀ፣ ዓይኑም እንባ ሞላ። ኤርጎ ሲመታ፣ ሰዉ ሲጨፍር፣ ቦሼ ከወንበሩ አልነሣ አለ። ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ ሲመጡ እንኳ ተቀምጦ ነው የመረቃቸው።

በዚያው አቶ ፈለቀን ጠራቸው።

"የዚያን ዕለት ቆሜ ነው የመለስኳችሁ። ቆሞ የሚመልስ ሰው ደግሞ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። አሁን ተቀምጫለሁ፤ ጠይቁኝ።"

አቶ ፈለቀ አፋቸው የጎረሱት ሥጋ ነበረበት። ብድግ አሉና ዋጥ ለማድረግ ሲታገሉ፣ ኤርጎም የትኛውን ክር እንደያዘ ሲጠፋው፣ ከወጥ ቤቱ በኩል አንዲት እልልታ ቀድማቸው ወጣች። ሴቶቹ ዞረው ቢያዩ አለምነሽ ናት፤ ጭልፋ በእጇ እንደያዘች።

"ኧረ ነውር ነው! ልጅት ለራሷ እልል ትላለች እንዴ?" አሉ።

አለምነሽ ትንፋሿን ሰበሰበችና ደገመችው።